መልእክተኛው ሲደክም
አሴቲልኮሊን፣ የማስታወስ ችሎታና የአልዛይመር በሽታ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።



ልምድ ያለው መሐንዲስ ሥራ ያቆመ መሣሪያ ሲቀርብለት ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይጠይቃል። የተበላሸው ክፍል የትኛው ነው? ያበላሸው ምክንያት ምንድን ነው? ሙሉ ጥገና እስኪደረግለት ድረስ በምን ዘዴ ሊሠራ ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች ተቀራራቢ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ያልተረዳ ጠጋኝ የተቃጠለውን ፊውዝ ይለውጥና ፊውዙን ያቃጠለውን ጉድለት እንዳለ ትቶት ይሄዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ዋናው ምክንያት እስካልታወቀ ድረስ ምንም አይደረግም ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው፣ መሣሪያው ሊሰጥ ይችል የነበረውን አገልግሎት ያስቀራል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሦስቱ ጥያቄዎች በሰው ልጅ አንጎል ላይ እንዴት እንደ ተጠየቁና ምን መልስ እንዳገኙ ማሳየት ነው። የተመረጠውም አብነት በአልዛይመር በሽታ ጊዜ የሚዳከመው የአሴቲልኮሊን ሥርዓት ነው። አንጎል እንደ ሞተር ወይም እንደ ስልክ ማዞሪያ ነው ለማለት አይደለም። ይሁን እንጂ የምልክት፣ የማጉያና የአቅርቦት ነገር ለዚህ ጉባኤ አባላት የዕለት ሥራ በመሆኑ፣ የሕክምናውን ታሪክ በዚሁ መንገድ መከታተል ይቀላል።

ጉዳዩም የሩቅ አይደለም። አንድ አዛውንት ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ሲጠይቁ፣ አንዲት እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተመላለሱበት ገበያ ሲመለሱ መንገዱ ሲጠፋባቸው፣ በየቤተ ዘመዱ «ጃጅተዋል፤ እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። እርጅና ግን በራሱ በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ዲሜንሺያ በሚል የወል ስም የሚታወቀው የአእምሮ መዳከም ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከጠቅላላውም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ የሚይዘው የአልዛይመር በሽታ ነው። ሰው ዕድሜው እየረዘመ በሄደ መጠን ይህ ቊጥር እያደገ መሄዱ አይቀርም።

የሁለቱ እንቁራሪቶች ልብ

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በነርቭ ሊቃውንት መካከል ብርቱ ክርክር ነበር። አንድ ነርቭ መልእክቱን ለሌላው የሚያስተላልፈው እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ በቀጥታ ነው፣ ወይስ በመካከሉ አንድ ኬሚካል መልእክተኛ ሆኖ ይገባል? በኦስትሪያ የግራዝ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር የነበሩት ኦቶ ሎዊ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠውን ሙከራ በሕልማቸው እንዳዩት ራሳቸው ተርከዋል። በመጀመሪያው ሌሊት ነቅተው በቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርገው ተኙ፤ ሲነጋ ግን የገዛ ጽሑፋቸውን ማንበብ አቃታቸው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ሲመለስላቸው ጊዜ አላጠፉም። ከአልጋቸው ተነሥተው በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪያቸው ሄዱ።

በ1921 ታትሞ የወጣው ይህ ሙከራ እጅግ ቀላል ነበር። የሁለት እንቁራሪቶች ልብ ወጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ እንዲመታ ተደረገ። ከመጀመሪያው ልብ ጋር ቬገስ የተባለው ነርቭ እንደ ተያያዘ ቀረ፤ ከሁለተኛው ግን ተነቅሏል። የመጀመሪያው ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቀስ የልቡ አመታት ዘገመ። ከዚያም ይህ ልብ የነበረበት ፈሳሽ ተቀድቶ ወደ ሁለተኛው ልብ ሲተላለፍ፣ ምንም ነርቭ ያልነካው ሁለተኛው ልብም አዘገመ። እንግዲህ ትእዛዙን ያደረሰው ሽቦ ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ የነበረ ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው። ይህም ንጥረ ነገር እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከ1914 ጀምሮ ጠባዩን ሲያጠኑት የነበረው አሴቲልኮሊን መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1936 የኖቤል ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለኋላው ነገር የሚጠቅም አንድ ተጨማሪ ፍሬ አለ። ሎዊ ከናቭራቲል ጋር ሆነው በ1926 እንዳሳዩት፣ ይህ መልእክተኛ ወዲያው የሚጠፋው አንድ ኢንዛይም ስለሚሰባብረው ነው። ፊዞስቲግሚን የተባለው ቅመም ሲጨመር ግን ኢንዛይሙ ይታገድና የመልእክተኛው ዕድሜ ይረዝማል። የዛሬዎቹ የአልዛይመር መድኃኒቶች አብዛኞቹ የተመሠረቱት በዚሁ በእንቁራሪት ልብ ላይ በታየው ሥርዓት ላይ ነው።

መልእክቱ እንዴት ይተላለፋል?

አንድ ነርቭ ሕዋስ አሴቲልኮሊንን የሚሠራው ከሁለት ጥሬ ዕቃዎች ነው። አንደኛው በምግብ የሚገኘውና ሰውነትም የሚያዘጋጀው ኮሊን ነው። ሁለተኛው ሕዋሱ ስኳርን ለኃይል በሚያቃጥልበት ጊዜ የሚያገኘው አሴቲል የተባለ ክፍል ነው። ሁለቱን የሚያጣምረው ኢንዛይም ኮሊን አሴቲልትራንስፌሬዝ ይባላል። ይህ ኢንዛይም የሚገኘው አሴቲልኮሊንን በሚያመርቱ ሕዋሳት ውስጥ በመሆኑ፣ መጠኑን የለካ ሰው ፋብሪካው በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ ለመገመት ይችላል።

የተሠራው አሴቲልኮሊን በነርቩ ጫፍ ላይ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ ይጠብቃል። የኤሌክትሪክ ምልክት ጫፉ ላይ ሲደርስ ከረጢቶቹ ይከፈታሉ፤ ይዘታቸውም የአንድ ሚሊሜትር ሃምሳ ሺኛ ያህል ስፋት ወዳላት ክፍተት ይፈስሳል። በማዶ ያለው ሕዋስ ይህን መልእክት የሚቀበልባቸው ሁለት ዐይነት ተቀባዮች አሉት። ኒኮቲናዊ የሚባሉት ፈጣኖች ናቸው፤ ሙስካሪናዊ የሚባሉት ዘግየት ብለው ይሠራሉ። መልእክቱ እንደ ተላለፈ አሴቲልኮሊንኤስቴሬዝ የተባለው ኢንዛይም መልእክተኛውን ይሰባብረዋል። አንዲት የዚህ ኢንዛይም ሞለኪውል በአንድ ሴኮንድ ብዙ ሺህ የአሴቲልኮሊን ሞለኪውሎችን ትሰብራለች። ከስባሪው የሚገኘው ኮሊን ተመልሶ ወደ ነርቩ ጫፍ ይገባና እንደገና በሥራ ላይ ይውላል።

የዚህን የማጽጃ ኢንዛይም አስፈላጊነት ለመረዳት ሲታገድ የሚሆነውን መመልከት ይበቃል። ማላቲዮንን የመሳሰሉት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ነፍሳትን የሚገድሉት ይህንኑ ኢንዛይም በማገድ ነው። በ1995 በቶክዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ የተለቀቀው ሳሪን የተባለው የጦር መርዝም የሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። ስለዚህ ያው አንድ ሥርዓት እንደ መጠኑና እንደ እገዳው ጽናት አንድ ጊዜ መርዝ፣ አንድ ጊዜ መድኃኒት ይሆናል።

ትንሽ ጣቢያ፣ ሰፊ አገር

በአንጎል ፊተኛ ክፍል ግርጌ፣ ከቅርፊቱ በታች ተደብቆ፣ በቪየናው ሊቅ በቴዎዶር ማይነርት ስም የሚጠራ የሕዋሳት ስብስብ አለ። የአንጎል ቅርፊት አሴቲልኮሊንን በብዛት የሚያገኘው ከዚህ ጣቢያ ነው። አዲስ ነገር ለመያዝ ዋና የሆነው ሂፖካምፐስ ደግሞ ከዚያው አጠገብ ካሉ ተመሳሳይ ሕዋሳት ይቀርብለታል።

መሐንዲስን የሚያስደንቀው የአቅርቦቱ መጠን ነው። በሰው አንጎል ውስጥ ያሉት ነርቭ ሕዋሳት 86 ቢሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በማይነርት ጣቢያ የሚገኙት ግን በየጎኑ ጥቂት መቶ ሺህ ብቻ ናቸው። እነዚህ ጥቂቶች ሰፊውን ቅርፊት ለማዳረስ እያንዳንዳቸው እጅግ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ማብቀል አለባቸው። በ2014 በአይጥ ላይ ከተደረገ ልኬት ተነሥቶ እንደ ተሰላው፣ በሰው ላይ የአንዱ ሕዋስ ቅርንጫፎች ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው ከ100 ሜትር በላይ ይሆናል። በዐይን የማይታይ አንድ ሕዋስ ይህን ሁሉ መስመር መመገብ፣ መጠገንና በኃይል መሙላት አለበት። ረጅም መስመር ያለው ትንሽ ማመንጫ በችግር ጊዜ ቀድሞ እንደሚጎዳ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም።

ይህ ጣቢያ ለአእምሮ የሚሰጠው አገልግሎት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ አሴቲልኮሊን «የማስታወሻ ኬሚካል» ይባላል። አባባሉ ግን ያሳስታል። ትዝታ የሚቀመጠው በሕዋሳቱ መካከል ባሉት ግንኙነቶች ነው እንጂ በአሴቲልኮሊን ውስጥ አይደለም። አሴቲልኮሊን የሚሠራው ሥራ ከውጭ የሚመጣው ምልክት በአንጎል ውስጥ ካለው ጫጫታ በላይ ጎልቶ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ሰው ልብ ብሎ ሲያዳምጥ፣ አዲስ ፊት አይቶ ስሙን ለመያዝ ሲጥር፣ ቅርፊቱ ለመጪው ነገር ክፍት የሚሆነው በዚህ መልእክተኛ ርዳታ ነው።

ከዚህም በላይ የሚያስገርመው ሥራው ጊዜውን የጠበቀ መሆኑ ነው። አሴቲልኮሊን በንቃት ጊዜ ከፍ ይላል፤ በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ዝቅ ይላል። ዝቅ ማለቱም ሥራ ፈትነት አይደለም፤ ቀን የተያዘው ነገር ሌሊት እንዲጸና መንገድ ይለቅቃል። በ2004 ጀርመን አገር በተደረገ ሙከራ፣ ጤነኞች ሰዎች ቀደም ብለው የቃላት ጥንዶችን አጠኑ። ከዚያም በከባድ እንቅልፋቸው ጊዜ ፊዞስቲግሚን ተሰጥቷቸው የአሴቲልኮሊኑ መጠን ከፍ እንዲል ሲደረግ፣ ያጠኑት ነገር በሚገባ ሳይጸናላቸው ቀረ። እንግዲህ መጨመር ብቻውን ማሻሻል አይደለም ማለት ነው። የሚፈለገው በሚገባው ሰዓት የሚገባው መጠን ነው።

ጉድለቱ የተገኘባቸው ዓመታት

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1901 በፍራንክፈርት ሆስፒታል አንዲት የ51 ዓመት ሴት ተቀብለው ነበር። ሴትዮዋ የመርሳት፣ የመጠራጠርና የመደናገር ምልክት ታየባቸው። በ1906 ካረፉ በኋላ ሐኪሙ አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ መርምረው፣ ከሕዋሳቱ ውጭ የተከማቸ ዝቃጭና በሕዋሳቱ ውስጥ የተተበተቡ ክሮች አገኙ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ግኝታቸውን በቱቢንገን ጉባኤ ላይ አቀረቡ። ዝቃጩ አሚሎይድ፣ ክሮቹ ታው ከተባሉ ፕሮቲኖች የተሠሩ መሆናቸው የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1980ዎቹ ነው። በመካከሉ ያለው ረጅም ዘመን፣ ፍርስራሹ ታይቶ የተቋረጠው መስመር ያልታወቀበት ዘመን ነበር።

መስመሩን የመፈለጉ ሥራ የተፋጠነው በ1970ዎቹ ነው። በ1974 በአሜሪካ ድራክማንና ሌቪት የተባሉ ተመራማሪዎች ለጤነኞች ወጣቶች ስኮፖላሚን የተባለውን ቅመም በመርፌ ሰጡ። ስኮፖላሚን ሙስካሪናዊ ተቀባዮችን የሚዘጋ ነው። ወጣቶቹ የተነገራቸውን ወዲያው መድገም አልተሳናቸውም፤ አዲስ ነገር መያዝ ግን አቃታቸው። የፈተናቸው ውጤት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ውጤት መሰለ።

በስኮፖላሚን ሥራ ላይ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ የሆነ ነገር የለም። በየአጥሩ ጥግና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ ይህንኑ ስኮፖላሚንና ዘመዱን አትሮፒንን በቅጠሉና በፍሬው ይዟል። የአገሬው ሰው ተክሉን አስተናግር ብሎ የሰየመው የቀመሰውን ሰው ያላሰበውን ስለሚያስለፈልፈው ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች የተቀባይን ነገር አላወቁም፤ አሴቲልኮሊን የታገደበት አእምሮ ምን እንደሚመስል ግን አስተውለው በአንድ ቃል አስቀርተዋል።

በ1976 እና በ1977 በብሪታንያ በኤዲንበርግ፣ በለንደንና በኒውካስል የነበሩ ሦስት ቡድኖች በአልዛይመር በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መረመሩ። በሁሉም ዘንድ ኮሊን አሴቲልትራንስፌሬዝ በብርቱ ቀንሶ ተገኘ። ፋብሪካው መድከሙ በዚህ ታወቀ። ቀጥሎ በ1981 እና በ1982 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኋይትሃውስና ባልደረቦቻቸው ወደ ጣቢያው ራሱ ሄዱ። በመረመሯቸው በሽተኞች አንጎል ውስጥ በማይነርት ጣቢያ ከሚገኙት ሕዋሳት ከ75 በመቶ በላይ ጠፍተው አገኙ። በዚሁ በ1982 ባርተስና ባልደረቦቻቸው ይህን ሁሉ በአንድ መላ ምት አጠቃለሉት፤ ይኸውም የእርጅና ዘመን የማስታወስ ጉድለት በከፊል ከአሴቲልኮሊን ሥርዓት መድከም የሚመጣ ነው የሚል ነው።

የታሰበውና የሆነው

ከመሐንዲሱ ሦስት ጥያቄዎች የመጀመሪያው በዚህ መልስ አገኘ። የተስፋውም ምክንያት ግልጥ ነበር። በፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚን የተባለው ሌላ መልእክተኛ መጉደሉ በ1960 ከታወቀ በኋላ፣ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ጥሬ ዕቃውን ኤል ዶፓን በመስጠት ደርቀው የነበሩ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ ታይቷል። ታዲያ ለአልዛይመር በሽተኞችም ኮሊን ቢሰጥ ምን ይከለክላል? ኮሊን ተሰጠ፤ ኮሊን በብዛት ያለበት ሌሲቲንም ተሰጠ። ውጤት ግን አልተገኘም። ምክንያቱን ኋላ ሲያስቡት ከባድ አይደለም። ፋብሪካው የተዘጋው ጥሬ ዕቃ አጥቶ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ እየሞቱ ነበር እንጂ።

ስለዚህ ሁለተኛው ዘዴ ተሞከረ፤ ይኸውም የቀረውን መልእክተኛ ዕድሜ ማራዘም ነው። ለዚህ የመጀመሪያው አብነት በናይጄሪያ በካላባር አገር ከሚበቅል ባቄላ የሚወጣው ፊዞስቲግሚን ነበር። ቀድሞ በዚያ አገር ተከሳሾች ጥፋተኛነታቸው እንዲለይ ይህን መርዘኛ ባቄላ እንዲበሉ ይደረግ ነበር። ፊዞስቲግሚን ግን በሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለሚጠፋ ለዘወትር ሕክምና አልተመቸም። ታክሪን የተባለው ሌላ መድኃኒት በ1986 ትልቅ ተስፋ አስነሥቶ በ1993 በአሜሪካ ተፈቀደ። እርሱም በቀን አራት ጊዜ የሚወሰድ ከመሆኑም በላይ ከወሰዱት ሰዎች በግማሽ ያህሉ ላይ የጉበት ምርመራ ውጤት ከልክ በላይ ከፍ አለ። ስለሆነም ሌሎች ሲመጡ እርሱ ከገበያ ወጣ።

ተተኪው በጃፓን አገር ሐቺሮ ሱጊሞቶ የመሩት ቡድን የሠራው ዶኔፔዚል ነው። የሱጊሞቶ እናት ራሳቸው በአእምሮ መዳከም ታመው ልጃቸውን መለየት እስኪሳናቸው ደርሰው ነበር። ዶኔፔዚል በ1996 በአሜሪካ ተፈቀደ። በሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ስለሚቆይ በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል። ከእርሱም ቀጥሎ ሪቫስቲግሚን መጣ። ጋላንታሚንም ተከተለ፤ እርሱም በመጀመሪያ የተገኘው ከበረዶ ሥር ከምታብብ ትንሽ አበባ ሲሆን ለሕክምና የበቃው በቡልጋሪያ ነው።

ማጉያው የሚሰጠውና የማይሰጠው

የእነዚህ መድኃኒቶች ውጤት ምን ያህል ነው? በዚህ ነገር ከማጋነንም ከማናናቅም መጠንቀቅ ይገባል። 70 ነጥብ ባለው የአእምሮ መመዘኛ ፈተና፣ ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን በወሰዱትና መድኃኒትነት የሌለው እንክብል በወሰዱት መካከል የሚታየው ልዩነት በአማካይ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ያህል ነው። በ2004 በብሪታንያ በ565 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በፈተናው ነጥብ ላይ ትንሽ መሻሻል ቢያሳይም፣ በሽተኞቹ ወደ መጦሪያ የሚገቡበትን ጊዜ መድኃኒቱ አራዘመ ለማለት የሚያበቃ ውጤት አላገኘም።

በሌላ በኩል በዚያው አገር በ2012 የወጣው ጥናት ሌላውን ገጽ ያሳያል። በሽታው የጠናባቸውና ዶኔፔዚል ሲወስዱ የቆዩ 295 ሰዎች ተመረጡ። መድኃኒቱን የቀጠሉት ሰዎች ካቋረጡት ይልቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ለራሳቸው ሥራም ለአእምሯቸውም ተሽለው ተገኙ። በ2015 በወጣው ተከታይ ዘገባ ደግሞ መድኃኒቱን ያቋረጡት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ወደ መጦሪያ የመግባት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ልዩነቱ አልዘለቀም።

የእነዚህ ውጤቶች ትርጉም ለመሐንዲስ ግልጥ ነው። ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ማጉያ ነው፤ ምንጭ አይደለም። ምንጩ በግማሽ ቢቀንስ ማጉያው ጉድለቱን ሊያካክስ ይችላል። ምንጩ ወደ ዜሮ በተጠጋ መጠን ግን የሚጎላ ነገር እየጠፋ ይሄዳል። በዚህ ላይ ማጉያው ጊዜ አይለይም፤ ቀንም ሌሊትም አንድ ነው። አንዳንድ በሽተኞች ዶኔፔዚልን ማታ ሲወስዱ ሕልም ስለሚበዛባቸው ጧት እንዲወስዱ የሚመከሩት ስለዚህ ነው። ቦታም አይለይም። ለአንጎል የታሰበው እገዳ በሆድ ዕቃና በልብ ላይ ይሠራል፤ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የልብ አመታት መዘግየት የሚታዩትም ከዚህ የተነሣ ነው። ሐኪም መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት የሽማግሌውን ልብ አመታት የሚቆጥረው፣ ሎዊ በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ ያዩትን ያንኑ ነገር ስለሚጠባበቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ምንጩን ያደረቀው ምንድን ነው የሚለው፣ እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ አላገኘም። የአሴቲልኮሊን ጉድለት ብቸኛው መነሻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። በ2002 የወጣ ምርመራ፣ በሽታው ገና ሲጀምር ኮሊን አሴቲልትራንስፌሬዝ በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ከፍ እንዳለ አሳይቷል፤ አንጎል ጉዳቱን ለማካካስ የሚታገል ይመስላል። በአንጻሩ በ2016 በምስል የተደረገ ጥናት፣ የማይነርት ጣቢያ ያለበት አካባቢ መመንመን ቀድሞ የሚጀምር መሆኑን ይጠቁማል። የአሚሎይዱን ዝቃጭ የሚያጸዱ መድኃኒቶችም መጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ ሌካኔማብ በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አገኘ፤ በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ያህል አዘገመ። አዘገመ እንጂ አላቆመም። የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችልም በየጊዜው በኤም አር አይ መከታተልን ይጠይቃል።

የሞቱትን ሕዋሳት በመተካት ፈንታ በሕይወት ያሉትን ለማጠንከር የተደረገ ሙከራም አለ። ነርቭን የሚያሳድግ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያደርግ ጂን በቀዶ ጥገና ወደ ማይነርት ጣቢያ እንዲገባ ተደረገ። በ2018 የታወቀው ውጤት ግን ጥቅም አላሳየም። በ2020 የሟቾቹ አንጎል ሲመረመር ምክንያቱ ተገለጠ፤ መድኃኒቱ ከተወጋበት ቦታ በበቂ ሁኔታ ስላልተሰራጨ ወደ ታሰበለት ሕዋስ አልደረሰም። እንግዲህ ሐሳቡ ሐሰት ነው ወይስ ማድረሻው? ያ ሙከራ ይህን አልመለሰም። ቧንቧው ከማሳው ሳይደርስ ዘሩ አልበቀለም ብሎ መፍረድ አይቻልምና።

ነዳጁንና ፍሬኑን በአንድነት መርገጥ

ሦስተኛው ጥያቄ፣ እስከዚያው በምን ይሠራል የሚለው፣ አሁኑኑ ሊሠራበት የሚችል መልስ አለው። ከመልሱም ዋናው ክፍል ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ የቀረውን መልእክተኛ አለማገድ ነው።

አሴቲልኮሊንን የሚያግዱ ቅመሞች በአስተናግር ውስጥ ብቻ አይደሉም። እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ መድኃኒት ዳይፈንሃይድራሚን፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ሽንት ለሚያጣድፋቸው የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን፣ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ሁሉም የዚሁ ወገን ናቸው። እያንዳንዳቸው በቦታቸው ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ሲደራረቡ ግን ማደናገርና ማስረሳት ይችላሉ። በ2015 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3434 ሰዎችን በአማካይ ከሰባት ዓመት በላይ ተከታትሎ ነበር። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ በብዛት የወሰዱት ሰዎች በአእምሮ መዳከም የመያዝ ዕድላቸው ካልወሰዱት በ54 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ መድኃኒቱ በሽታውን አመጣው ብሎ አያረጋግጥም፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በ2005 በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የተመዘገበው ነገር ነው። በዚያ በተደረገ ጥናት፣ ዶኔፔዚልንና መሰሎቹን የሚወስዱ በሽተኞች ካልወሰዱት ይልቅ የሽንት ማጣደፍን የሚያስታግስ መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ተገኝቷል። የመጀመሪያው መድኃኒት አሴቲልኮሊንን ይጨምራል፤ ከዚህም የተነሣ ፊኛ ይቀሰቀሳል። የተቀሰቀሰው ፊኛ እንደ አዲስ በሽታ ይቆጠርና አሴቲልኮሊንን የሚያግድ ሁለተኛ መድኃኒት ይታዘዛል። ይህ ነዳጁንና ፍሬኑን በአንድነት መርገጥ ነው። መኪናዋ አትሄድም፤ ሁለቱም ይቃጠላሉ።

ከዚህ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። በቤት ውስጥ መርሳት የጀመሩ አባት ወይም እናት ሲኖሩ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውም የአገር ባህል መድኃኒቱም ሳይቀር፣ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ለሐኪም ይቅረብ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሆነ መጨመር አይገባም። ደግሞም የሚረሳ ሰው ሁሉ የአልዛይመር በሽተኛ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ 12 ጉድለትና ድብርት ተመሳሳይ መልክ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እነዚህም የሚታከሙ ናቸው። አባታቸውን «ጃጅተዋል» ብለው በጓዳ ያስቀመጡ ልጆች፣ ሊድን የሚችለውን ነገር ሳያውቁ አስቀርተው ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ብሂል ከማናቸውም ይልቅ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

የአሴቲልኮሊን ታሪክ በሁለት እንቁራሪቶች ልብ ተጀምሮ እነሆ መቶ ዓመት አልፎታል። ጉድለቱ በትክክል ተገኝቷል፤ ምክንያቱ ገና ይፈለጋል፤ በመካከሉ ለብዙ ቤተሰቦች ጥቂት ወራት ተገዝተዋል። ጥቂት ወራት በፈተና ነጥብ ሲለኩ ትንሽ ናቸው። አንዲት እናት የልጃቸውን ስም ለአንድ ክረምት አብዝተው ከጠሩበት ግን ያ ክረምት ትንሽ አይደለም። መልካም መሐንዲስ ማጉያውን ምንጭ ነው ብሎ አይሸጥም፤ ምንጩ እስኪገኝ ብሎም ማጉያውን አይጥልም። የሚደክመውን መልእክተኛ ማንም ተጨማሪ ሸክም እንዳይጭንበት ይጠብቃል፤ ምንጩንም መፈለጉን ይቀጥላል።